ንጉሡ በማን አንደበት ይናገር? የታሪክ ፊልምና የአነጋገር ዘዬ ከድሬዳዋ ሲታይ

«አር ሪሳላ» በሚለው ዐረብኛ ስሙ የሚታወቀው የሙስጠፋ አል አቃድ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1976 ለእይታ በቃ። ኢትዮጵያዊ ተመልካች በተለየ ትኩረት የሚጠብቀው አንድ ትዕይንት አለው። ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች በአክሱሙ ንጉሥ በነጃሺ ፊት ቀርበው ስለ እምነታቸው ይጠየቃሉ፤ ንጉሡም አድምጦ ሲያበቃ በበትሩ መሬት ላይ መስመር ያሰምራል። በእንግሊዝኛው ቅጂ ነጃሺን ሆኖ የተወነው ኧርል ካሜሮን በቤርሙዳ ደሴት ተወልዶ በብሪታንያ የኖረ ተዋናይ ነበር። ስለዚህ የአክሱሙ ንጉሥ በፊልሙ የሚናገረው በብሪታንያ መድረክ የተገራ፣ ረጋ ያለ እንግሊዝኛ ነው።

አቃድ ይህን ፊልም የቀረፀው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው አንቶኒ ኩዊን ሐምዛን ሆኖ የተወነበት የእንግሊዝኛ ቅጂ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዐብደላ ጌይስ በዚያው ቦታ የተጫወተበት የዐረብኛ ቅጂ ነው። ለዐረብኛ ተናጋሪው ተመልካች ሲባል አንድ ሙሉ ፊልም እንደገና ተሠራ ማለት ነው። ለነጃሺ ግን ግእዙ አልተመለሰለትም። በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የአክሱም ንጉሥና የመካ ስደተኞች በአንድ ቋንቋ እንደ ጎረቤት አይጨዋወቱም ነበር፤ በመካከላቸው አስተርጓሚ ሳይቆም አልቀረም። ፊልሙ አስተርጓሚውን አውጥቶ ሁሉንም በአንድ ቋንቋ አናገረ።

ይህ እንደ ጥፋት ሊቆጠር ይገባል? መልሱ የሚወሰነው ተመልካቹ ከታሪክ ፊልም በሚጠብቀው ነገር ላይ ነው። ነገሩን ለመመዘን ግን አስቀድሞ ሦስት ቃላትን መለየት ይበጃል። ቋንቋ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ የምንለው ነው። ዘዬ የአንድ ቋንቋ የአካባቢ መልክ ነው፤ የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎ፣ የመንዝና የአዲስ አበባ አማርኛ እንደሚባለው፣ በቃላትም በሰዋስውም ይለያያል። ቅላፄ ደግሞ ከድምፅ ጋር ብቻ የተያያዘ ነው። አንድ ሰው ቃሉንና ሰዋስውን አሟልቶ፣ በመጀመሪያ ቋንቋው ድምፅ ተስቦ ሲናገር የምንሰማው እርሱን ነው። የታሪክ ፊልም ሠሪ ስለ ሦስቱም መወሰን አለበት፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያስበው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው።

የቋንቋውን ጥያቄ በድፍረት የመለሰው ሜል ጊብሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣውና በአገራችንም በሰፊው በታየው የክርስቶስ ሕማማት ፊልሙ ተዋናዮቹን በአራማይክ፣ በዕብራይስጥና በላቲን አናግሯል። ተመልካቹ የሚያነበው ከሥር የተጻፈውን ትርጉም ነው። እዚህም ቢሆን ጠንቃቃ አንባቢ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። በምሥራቁ የሮም ግዛት ባለሥልጣናትና ሕዝብ ይግባቡ የነበረው ከላቲን ይልቅ በግሪክኛ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። እንግዲህ ይህን ያህል የተደከመበት ፊልም እንኳ ከትክክለኛነት ይልቅ የጥንታዊነትን ስሜት መረጠ ማለት ይቻላል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን መንገድ የተከተለው እ.ኤ.አ. በ2019 የቀረበው «ቼርኖቤል» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ ነው። ታሪኩ የሶቪየት ኅብረት፣ ሰዎቹ ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ተዋናዮች ግን የሚናገሩት በገዛ ብሪታንያዊ አንደበታቸው ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ የሩሲያ ቅላፄ እንዲያስመስል የታዘዘ ተዋናይ ሰውየውን ትቶ ቅላፄውን መተወን ይጀምራል። ነገሩ ያሳምናል። ሩሲያዊው ከሩሲያዊው ጋር በሩሲያኛ ሲነጋገር ለጆሮው ቅላፄ የለውም። የተሰባበረ እንግሊዝኛ በአፉ የምናደርግለት እኛ ነን።

ሦስተኛው መንገድ በጣም የተለመደውና በጣም መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ነው፤ ቅላፄን ለማዕረግ መለያ ማድረግ። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው «ስፓርታከስ» የሮም ባላባቶችን የተጫወቱት በአብዛኛው እነ ሎረንስ ኦሊቪዬ ያሉ እንግሊዛውያን ነበሩ፤ ባሪያዎቹን ደግሞ እነ ከርክ ዳግላስና ቶኒ ከርቲስ ያሉ አሜሪካውያን። ተመልካቹ ማን ጌታ ማን ሎሌ እንደሆነ በዐይኑ ከማየቱ በፊት በጆሮው ያውቀዋል። ስለ ጥንቷ ሮም የሚያስተምረው ነገር የለም፤ ፊልሙን የሠራው ዘመን የማንን አንደበት የጌታ፣ የማንን የሎሌ አድርጎ ይሰማ እንደነበር ግን ያሳያል።

የእኛ አካባቢም ከዚህ ጨዋታ ውጪ አይደለም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ሬምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ገብቶ፣ እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1891 በንግድ ሥራ ኖሯል። በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ገና አልተቆረቆረችም፤ ከባሕር ዳርቻ ወደ ሐረር የሚወጣው ቅፍለት የሚያርፈው ዛሬ በአስተዳደራችን ገጠር በምትገኘው በጀልዴሳ ነበር። ሬምቦ እ.ኤ.አ. በ1995 በ«ቶታል ኢክሊፕስ» ፊልም ሲቀርብ፣ የተጫወተው ወጣቱ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ነው። ፈረንሳዊው በካሊፎርኒያ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ወዳጁ ቨርሌን ደግሞ በእንግሊዛዊው ዴቪድ ቲውሊስ አንደበት። ሁለት የአንድ አገር ባለቅኔዎች አትላንቲክ ውቅያኖስ በመካከላቸው ያለ ይመስላል።

ሌላው ምሳሌ ይበልጥ ቅርብ ነው። ከካሚላ ጊብ ልብ ወለድ የተወሰደውና እ.ኤ.አ. በ2019 በቶሮንቶ የፊልም ፌስቲቫል የቀረበው «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ» ታሪኩ ከሐረር ይነሣል፤ ዘመኑም የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ማብቂያ ነው። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ከዚያ ቀደም ብሎ «ድፍረት»ን በአማርኛ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። በሁለተኛው ፊልሙ ግን የሐረሩን ሐኪም አዚዝን የተጫወተው አሜሪካዊው ያህያ አብዱል ማቲን ሁለተኛው፣ አሚናን የተጫወተችው ደግሞ በናይጄርያ ተወልዳ በእንግሊዝ ያደገችው ውንሚ ሞሳኩ ናቸው። አንድ ዳይሬክተር በአማርኛ ሲሠራ ጆሮው የሚያውቀውን ድምፅ ከተዋናዩ መጠየቅ ይችላል። በእንግሊዝኛ ሲሠራ ግን ገንዘብ አውጪው፣ ገበያውና የዝነኛ ተዋናይ ስም አብረውት ይወስናሉ። የሐረር ሰው ጌይ ሲናንን፣ ኦሮምኛን፣ አማርኛንና ሶማልኛን በአንድ ቀን ውስጥ እያፈራረቀ መናገሩ፣ ማለትም የከተማይቱ ዋነኛ ባሕርይ፣ በአንድ «አፍሪካዊ» ቅላፄ ሥር ተውጦ ይቀራል።

የውጭውን ሰው መውቀስ ቀላል ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ግን የራሳችንን መድረክና ስክሪን መመርመር ነው።

በኢትዮጵያ የታሪክ ድራማ ድምፁን ያገኘው ከፊልም ሳይሆን ከቴአትር ነው። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. በ«ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት፣ ተዋናዩ ከመድረክ ሆኖ እስከ መጨረሻው ወንበር መሰማት ነበረበት። ከዚያ በኋላ ቴዎድሮስን፣ ምኒልክንና አቡነ ጴጥሮስን የመሰሉ የታሪክ ሰዎች ወደ መድረክ ሲመጡ አንድ ወጥ «የታሪክ ድምፅ» ይዘው መጡ፤ ከደረት የሚወጣ፣ የተጎተተ፣ እያንዳንዱ ቃል እንደ ዐዋጅ የሚነገርበት። ለመድረክ ያ ድምፅ ግሩም ነው። ካሜራ ፊት ሲቀርብ ግን ንጉሡ ለሚስቱ «ውኃ አቀብይኝ» ሲልም ጦር የሚያስከትት ይመስላል።

በእውነት የነገሥታቱ ድምፅ እንዴት ነበር? ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ መልስ የለም፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲያርፉ ድምፅ ቀርፆ መልሶ የሚያሰማ መሣሪያ ገና አልተፈለሰፈም ነበር። በቋራ የተወለዱ መሆናቸውን አውቆ የዚያን አካባቢ አማርኛ ማጥናት ለተዋናዩ የተተወ ሥራ ነው። ስለ ዐፄ ምኒልክ ግን መልስ አለ። በአስራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ የተቀረፀ የድምፅ መልእክት ላኩላቸው፤ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በዚያው መሣሪያ በየራሳቸው ድምፅ መልስ ሰጡ። የእነርሱ ቅጂ ዛሬም ይገኛል፤ እየተንሿሿ ቢሆንም ይሰማል። ምኒልክ በሸዋ አንጎለላ የተወለዱ ናቸው፤ ጣይቱ ደግሞ ከሰሜኑ፣ ከጎንደር ወገን። አንድ ባልና ሚስት ሁለት የአገር ቤት ይዘው በአንድ አዳራሽ ተናገሩ ማለት ነው። ሁለቱን ለመጫወት የተመረጡ ተዋንያን ይህን ቅጂ ሳይሰሙ ልብሱን ብቻ ለክተው ቢገቡ ዋናውን ምንጭ ትተዋል።

የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ድምፅማ በብዛት አለ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ፊት የተናገሩት በአማርኛ ነው፤ ፈረንሳይኛ እያወቁ። እኒህ ንጉሥ የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ፣ ያደጉት በሐረር መሆኑን የምሥራቁ ሰው አይዘነጋም። ከልጅነታቸው ጀምሮ በዙሪያቸው የነበሩት ድምፆች እዚህ ዛሬ በቀፊራ ገበያ የሚሰሙት ናቸው።

አሁን ወደ ዐድዋ እንሂድ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዚያ ተራራ ሥር የተሰለፉት የሸዋ፣ የጎጃሙ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ የወሎው የራስ ሚካኤል፣ የትግራዩ የራስ መንገሻና የራስ አሉላ፣ ከሐረር የዘመተው የራስ መኰንን ጦር ነበሩ። ትግርኛ፣ ኦሮምኛና በየአውራጃው የሚለያይ አማርኛ በአንድ ሰፈር ይሰማ ነበር። በየዓመቱ በዓሉን ምክንያት አድርገው በሚቀርቡ ተውኔቶችና የቴሌቪዥን ጭውውቶች ግን መኳንንቱ ሁሉ የሚናገሩት ዜና የሚነበብበትን የአዲስ አበባ አማርኛ ነው። ብቸኛው «ቅላፄ ያለው» ሰው ግሥ ማርባት የማይችለው ጣልያን ነው። ከጣልያኑ ቀጥሎ ቅላፄ የሚሰጠው ለበቅሎ ጠባቂው፣ ለዘበኛው ወይም ለሚያስቀው ሎሌ ነው። «ስፓርታከስ» ላይ ያየነው የጌታና የሎሌ ክፍፍል በአማርኛ ተመለሰ ማለት ነው።

ዐርሶ አደሩ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በድራማዎቻችን የሚሰማው «የገጠሬ አማርኛ» የየትኛውም ወረዳ አይደለም። ከጎጃም «ኸ»ን፣ ከወሎ «እገበያ» ማለትን፣ ከመንዝ ደግሞ ሌላ ነገር ቆንጥሮ የተቀላቀለ፣ በካርታ ላይ የሌለ አገር ንግግር ነው። የምሥራቁ ገበሬ ሲመጣ ደግሞ በቤቱ ሙሉ በሆነ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚሟገት፣ የሚያስታርቅ፣ የሚቀኝ ሰው መሆኑ ተረስቶ፣ «ፖሊስ»ን «ቦሊስ» ሲል ብቻ እንዲታይ ይደረጋል። ሶማልኛ «ፐ» የሚባል ድምፅ ስለሌለው ተናጋሪው በ«በ» መተካቱ የታወቀ ነው፤ የአማርኛ ተናጋሪውም ሶማልኛ ሲሞክር የሚጥላቸው ድምፆች ብዙ ናቸው። ሳቁ ግን የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ይህን እያየ የሚያድግ የዋሂል ወይም የቢዮ አዋሌ ልጅ የአያቱን አንደበት ከጀግንነት ጋር አገናኝቶ የሚሰማበት አጋጣሚ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በአማርኛ ፊደል «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ሦስት ሆነው ይጻፋሉ፤ ሲነገሩ ግን አንድ ናቸው። «አ» እና «ዐ»ም እንዲሁ። በጥንታዊው ግእዝ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ሶማልኛና ዐረብኛ የሚናገር የሳቢያን ልጅ «ሐ»ን ከ«ሀ»፣ «ዐ»ን ከ«አ» ለይቶ ያለ አስተማሪ ይጠራል፤ ትግርኛ ተናጋሪውም እንዲሁ። ነገ አንድ ዳይሬክተር ነጃሺን በእውነተኛ ግእዝ ላናግር ብሎ ቢነሣ፣ የአዲስ አበባው ተዋናይ በስንት ልምምድ የሚያገኛቸውን ድምፆች የእኛ ሰፈር ልጅ ተወልዶባቸዋል። «ቅላፄ አለበት» ተብሎ ከመድረክ የሚመለሰው ምናልባት እርሱ ነው።

የከተማችን ስም ራሱ ጥሩ መፈተኛ ነው። በአማርኛ ድሬዳዋ እንላለን። በኦሮምኛ «ድሬ ዸዋ»፣ በሶማልኛ «ድሪዸበ» ሲባል በመካከሉ ያለው «ዸ» ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ በአማርኛ የለም። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ እዚህ ሲደርስ የሚያሳይ ፊልም ቢሠራና የአገሬው ሽማግሌ፣ ፈረንሳዊው መሐንዲስ፣ ግሪካዊው ነጋዴና ከአዲስ አበባ የተላከው ሹም የቦታውን ስም በአንድ ዓይነት ቢጠሩት፣ በዚያች አንዲት ቃል ብቻ ፊልሙ ከተማችንን እንደማያውቅ ይታወቅበታል።

እስቲ አንድ ለፊልም የተዘጋጀ የሚመስል ታሪክ እንውሰድ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የልጅ ኢያሱ መሻር ሲታወጅ፣ እርሳቸው ሐረር ነበሩ። ባቡሩ አዲስ አበባ ሊገባ ገና ወራት ቀርተውት ነበር። የወሎው የራስ ሚካኤል ልጅ፣ የምኒልክ የልጅ ልጅ የሆኑት ኢያሱ፣ በሐረር ያደጉት ተፈሪ መኰንን፣ የሸዋ መኳንንት፣ የሶማሌና የኦሮሞ ባላባቶች፣ የኦቶማን ቆንስል፣ የፈረንሳይ የባቡር ሠራተኞች፤ ሁሉም በአንድ ታሪክ ውስጥ ይገባሉ። ይህን ሁሉ በአንድ አማርኛ ማናገር ክርክሩን ራሱን ያደበዝዘዋል፤ ምክንያቱም የጊዜው ፖለቲካ ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው ቋንቋ ይወያያል የሚለውንም ይጨምር ነበር። መፍትሔው ሁሉንም በየቅላፄው ማስመሰልም አይደለም። እያንዳንዱ ሰው ከወገኑ ጋር ሲሆን በራሱ ቋንቋ ያለ እንከን ይናገር፤ ትርጉሙ ከሥር ይጻፍ። ቅላፄው የሚሰማው ወደ ሌላው ቋንቋ ሲሻገር ብቻ ይሁን። እንዲህ ሲደረግ የፈረንሳዩ ሰው አማርኛ ይሰባበራል፤ የሸዋው መኰንንም ሶማልኛ ሲሞክር እንዲሁ ይሰባበራል። የድሬዳዋ ተመልካች ከቤቱ እስከ ገበያ በየቀኑ የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ ግራ አይጋባም።

ለዚህ ተዋናዩ ምን ይማራል? በትልልቅ ፊልሞች የአነጋገር አሠልጣኝ ይቀጠራል። ሥራው «እንደ ጎንደሬ ተናገር» ብሎ ማዘዝ ሳይሆን፣ አንድ ሰው መርጦ ያንን ሰው ማስጠናት ነው። «ጎንደሬ» የሚባል ድምፅ የለም፤ የአንድ መንደር፣ የአንድ ዕድሜ፣ የአንድ ሙያ ሰው ድምፅ ነው ያለው። ከዚያ ድምፆቹ አንድ በአንድ ይለቀማሉ። በአማርኛ ከባዱ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከጉሮሮ ተገፍተው የሚወጡት «ቀ»፣ «ጠ»፣ «ጨ» እና «ጸ» ናቸው። ሁለተኛው ማጥበቅና ማላላት ነው፤ «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ይናገራል፤ «አለ»ም ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ባዕድ ተዋናይ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። ከድምፁ ቀጥሎ የሚጠናው ዜማው ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ የት ላይ ይነሣል፣ የት ላይ ይወድቃል፣ ተናጋሪው ትንፋሽ የሚወስደው ከየትኛው ቃል በኋላ ነው። የመጨረሻው ትምህርት ደግሞ የተማሩትን መቀነስ ነው። በእያንዳንዱ ቃል ላይ ቅላፄውን የሚያሳይ ተዋናይ የሚያሾፍ ይመስላል፤ በጥቂት ድምፆች ላይ ጸንቶ ሌላውን የሚለቅ ግን ይታመናል። የድሬን ልጅ ለመሆን በየዐረፍተ ነገሩ «አቦ» እና «ወላሂ» የሚደረድር ተዋናይ የወደቀው በዚህ ነው። «አቦ»ን እኛም እንላለን፤ ግን ቦታ አላት።

ፎረስት ዊተከር እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው «ዘ ላስት ኪንግ ኦፍ ስኮትላንድ» ኢዲ አሚንን ለመጫወት ወደ ኡጋንዳ ሄዶ፣ ሰውየውን የሚያውቁ ዘመዶቹን ሳይቀር አነጋግሮ፣ ስዋሂሊ አጥንቶ ነው የተመለሰው፤ ለዚህም ሥራው ኦስካር ተሸልሟል። እዚያ እንዲህ ማድረግ የተቻለው የሚጠየቁ ሰዎች በሕይወት ስለነበሩ ነው።

ለእኛም ሰዓቱ እየሄደ ነው። የከተማችን ውኃ ከሚቀዳባቸው የጉድጓድ ሥፍራዎች አንዱ የሆነው ሳቢያን ሰው ከየአቅጣጫው መጥቶ የሠፈረበት ነው። እዚያም ሆነ በከዚራና በመጋላ በባቡር ድርጅት ያገለገሉ አዛውንት ዛሬም አሉ። «ለገሀር» የምንለው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ በወርክሾፑ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ፈረንሳይኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዴት ይታሰሩ እንደነበር ግን በአፋቸው ያለው በእነርሱ ብቻ ነው። በየትኛውም መዝገበ ቃላት አይገኝም። የሚያስፈልገው መሣሪያ በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ ነው።

ሲቀረፅ አንድ ነገር ልብ ይባል። ሽማግሌው ማይክ ሲያይ ቋንቋውን ያስተካክላል፤ የዜና አማርኛ ይጀምራል። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ አይሁንበት። ከቀድሞ የሥራ ባልደረባው ጋር ቡናው ቀርቦ ይቀመጡ፤ ስልኩ ከጎን ይደር። የዓመተ ምሕረትና የሹመት ጥያቄ ለሌላ ቀን ይቆይና፣ አለቃው ሲቆጣቸው እንዴት ብሎ ይቆጣ እንደነበር፣ ባቡሩ ሲዘገይ መንገደኛው ምን ብሎ ይራገም እንደነበር ይጠየቁ። ሲያስመስሉት ይሰማል። የሚመጣው ተዋናይ የሚፈልገው እርሱን ነው።